ኢየሩሳሌም የኮበለለው ቁልፍ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ የሰው አገር ውሃ ይስማማህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ወልደማርያም ናቸው። ሰላምታዬን ሲሰሙ ብዕራቸውን አንስተው ጥቂት አሰቡና እጃቸው እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ እንደማያውቅ ነገሩኝ። እኔም አፌ መሪጌታ አስጽፎ እንደማያውቅ ነገርኳቸው። በመካከል ግዕዝ ብታገኝ የእርሳቸው ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ወረቀቱ ጂዳ በሚነግደው ባገራችን ልጅ በአብዱልወሃብ እጅ ያልፋል። አብዱልወሃብ ደግሞ የሰው ደብዳቤ ካላነበበ ምግብ አይወርድለትም። ስለዚህ ግራ እንዳይገባው አንተ የምታውቀውን ለእርሱ ልንገረው። የበላይና የእኔ ሰባተኛ አያቶች ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ ሰለመ፣ አንዱ በክርስትናው ቀረ። ከኮረብታው ሥር ያረፉትን ሰው ግን ሁለቱም አልተዉም። እኛ ሼህ ሙሳ እንላቸዋለን፣ እነ በላይ አባ ሙሴ ይሏቸዋል። የመቃብራቸው ቤት አንድ በር አለው። በሩን የምንጠብቅ እኛ ነን፣ ቁልፉን የሚይዙ እነርሱ። በጥር፣ ማሽላው ተወቅቶ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ የእኛ ሰው ጓጉንቸሩን ይይዛል፣ የእነርሱ ሰው ቁልፉን ያዞራል። አንዱ ያለ ሌላው አይገባም። ገባህ አብዱልወሃብ? በል አሁን መልሰህ እጠፈው።

እናትህ እትዬ አሰገደች ደህና ናቸው። ጥጥ እየፈተሉ ነው። አንተ በደህና ስትመለስ መቃብሩን የሚያለብሱት ጨርቅ ተስለዋል። ብቻ ባለፈው ጥር የቁልፉን ከረጢት ቢፈቱት ባዶ ሆነባቸው። ጎተራውን ገለበጡ፣ አልጋውን ፈቱ፣ ድመቷን ሳይቀር ጠረጠሩ። በሩም ሳይከፈት ዱዓችንን ከውጭ አድርገን ተበተንን። በሃያ ስምንት ዓ.ም. ግንቦት፣ ጣሊያን ሲገባ ለስደት ስትነሳ እንዲያው ድንገት አላየኸውም? ካየኸው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም።

ከመቃብሩ ቤት ወራጅ ላይ አንዲት ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሦስት ጫጩት አላት፤ ሼሁ ሳይደሰቱባቸው አይቀሩም።

እህትህ ሐምዲያ

—

ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለእትዬ ሐምዲያ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጌታ መቃብር ደጃፍ ቆሜ እጅ እነሳለሁ። ለመሪጌታ ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። አብዱልወሃብም ጤና ይስጥህ።

የምኖረው ከስደተኛው ወገናችን ጋር በገዳማችን ነው። ቀን ቀን ከአንድ አናጢ ዘንድ እንጨት እልጋለሁ። ብርዱ አይጣል ነው፤ የአገራችን የቀወት ሙቀት በሰሌን ተጠቅልሎ የሚላክ ቢሆን እንዲልኩልኝ እለምን ነበር።

አንድ ነገር ልንገርዎ። የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ በር ቁልፍ በማን እጅ ያለ ይመስልዎታል? በእስላሞች እጅ ነው። አንድ የእስላም ቤተሰብ ቁልፉን ያስቀምጣል፣ ሌላው ወስዶ ይከፍታል፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ስንት መቶ ዓመት አልፎታል። በር ጠባቂው ወደ ላይኛው የቁልፍ ቀዳዳ የሚደርሰው በመሰላል ነው። መሰላሉን ከውስጥ በመስኮት የሚያቀብሉት መነኮሳቱ ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት ለት ሳቄ መጣ፤ ኋላ ግን ሳላውቀው አለቀስኩ። አጠገቤ የቆመ ግሪክ ምን ሆነህ ነው ቢለኝ፣ ይህ በር የሰፈሬ በር ነው አልኩት። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ማሽላው እንዴት ነው? የግሪሳ ወፍ ዘንድሮስ ማራችሁ? ስለ ወፍ ካነሳሁ፣ በሩ ካልተከፈተ እርስዎ ጫጩቶቹን ቆጥረው ሦስት ያሉት እንዴት ነው?

ታናሽ ወንድምዎ በላይ

—

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህን የሰጠ ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤህን መሪጌታ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። ስለ መሰላሉ ጽፈሃል፣ ስለ ብርዱ ጽፈሃል፣ ስለ ግሪኩም ጽፈሃል። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል የለችም። መሪጌታም ምናልባት ብለው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩልኝ። ወፏን ያየኋት በበሩ ስንጥቅ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ባለፈው ወር የጣሊያን ሹም ካስተርጓሚው ጋር መጣ። መንግሥታቸው የእስላም ወዳጅ ስለሆነ የሼህ ሙሳን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብስልን፣ ዙሪያውን አጥሮ ዘበኛ ሊያቆምልን ነው አለ። አላህ ይስጥልን ብለን ሳንጨርስ ቀጠለ። ክርስቲያን የሆነ ከአጥሩ አያልፍም። አሮጌው ጓጉንቸር ይሰበርና የእርሱ ይገባል፤ ቁልፉም ለእኛ ብቻ ይሰጣል።

የባሌን ወንድም ኢብሮን ታውቀዋለህ። ቆርቆሮ የሚል ቃል ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር በሼሁ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ዋቢያችን ይራሱ ወይ ይለኛል። ውሸቱን አይደለም፤ ጣሪያው ያፈሳል። ነገር ግን እናትህ ያን ሁሉ ጥጥ ፈትለው በመጨረሻ ዘበኛ ከደጅ ከመለሳቸው፣ እኔ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? በሼህ ሙሳ ቤት የእኛን ልጅ የመረቀው የእናንተ ሽማግሌ ነው። የእናንተን ድርቅ ያስለቀቀው የእኛ ዱዓ ነው። ይህን በቆርቆሮ አልለውጥም።

ለሹሙ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ እንዳለ፣ ባለቤቱም ለዚያራ፣ የተቀደሰ ቦታ ሊጎበኝ እንደሄደ ነገርኩት። የት ሲለኝ ሩቅ አልኩት። ቁልፉ ሳይመጣ ጓጉንቸሩን የነካ ሰው እጁ እንደሚደርቅም ጨመርኩለት። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም እጁን ከጀርባው ደበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዝርቴን ይዤ በሩ ሥር እውላለሁ። ሕፃን እንኳ እንዲነካው አልፈቅድም።

በላይ፣ አፍሬ ነው እንጂ ቀድሞም የጠየቅኩህ አውቄ ነው። ቁልፉ ካንተ ዘንድ ነው ወይስ አይደለም?

እህትህ ሐምዲያ

—

ኢየሩሳሌም፣ ጥቅምት 30 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለእትዬ ሐምዲያ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ከእርስዎ ሸሽጌ የት እደርሳለሁ? ቁልፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ። በጥር ሐሙስ በአንገቴ አጥልቄው፣ እናቴ ወደ ከረጢቱ መልሰው ስትለኝ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ግንቦት ደረሰ። ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ባቡር ላይ ወጥቼ ደረቴን ሲቆረቁረኝ ነው ትዝ ያለኝ። ልውረድና ልመለስ ብዬ ነበር፤ ባቡሩ አልጠበቀኝም።

እናቴ ድመቷን ይቅርታ ትጠይቅልኝ።

ቁልፉ ደህና ነው፤ እልከዋለሁ። የታመነ ሰው እስካገኝ ብቻ ጥቂት ይታገሱኝ። እስከዚያው እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ የቁልፉ ጥርስ ስንት እንደሆነ እናቴን ይጠይቁልኝ። ታስታውስ እንደሆነ ለማየት ነው። ርዝመቱንም በስንዝርና በጣት ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ታናሽ ወንድምዎ በላይ

—

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ልብህን ያረጋጋው።

ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው ጥርሱ ስንት ነው ብሎ ሰፈር ያስጠይቃል? እኔ ምንም አላልኩም። እንደላክኸኝ ጠየቅኩ። መሪጌታ አራት ነው አሉ። ኢብሮ ሁለት ነው ብሎ በሚስቱ ማለ፤ ሚስቱ ደግሞ በሌላ ነገር እንዲምል ነገረችው። ክርክሩ ከመስጊድ ደጃፍ ተነስቶ ገበያ ወረደ። የአጣዬ ጨው ነጋዴዎች ሳይቀሩ ስለማያውቁት ቁልፍ ሲሟገቱ ዋሉ።

እናትህ ግን ጥያቄህን ሰምተው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ከምድጃው ከሰል አንስተው፣ ይህንኑ ወረቀት ተቀብለው፣ ጀርባው ላይ ሣሉልህ። በልኩ ነው፤ ጥርሱም ሦስት ነው። እንዳይጠፋ መሪጌታ በቀለም ደገሙበት። እኔ ሣቅሁ፤ እርሳቸው አልሣቁም። አፈር አይንካህ ብለሽ ጻፊለት ብቻ አሉኝ።

ሹሙ ተመልሶ መጥቶ ነበር። በመጪው ጥር ሐሙስ ቁልፉ ካልተገኘ በገዛ እጁ ጓጉንቸሩን እንደሚሰብረው ነግሮናል። አዲሱንም አሳየን፤ የበሬ ኮቴ ያህላል። ዘበኛ የሚሆነውንም ሰው መርጧል። ኢብሮ ነው።

እኔ እዚያው በሩ ሥር ነኝ። ከእናትህ እኩል ፈትል ፈትዬአለሁ፤ የማን ጨርቅ እንደሚሆን እንጃ። ቶሎ በል።

እህትህ ሐምዲያ

—

ኢየሩሳሌም፣ ነሐሴ 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለእትዬ ሐምዲያ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ሁሉ ይሁን። ሥዕሉ ደረሰኝ። የእናቴ እጅ ዛሬም አይንቀጠቀጥም።

ቁልፉን በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጂዳ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ። ለአብዱልወሃብ ያደርስልኛል። አብዱልወሃብ ሆይ፣ ደብዳቤውን እንደፈለግህ አንብብ፤ ጥቅሉን ግን አትፍታ። ጥቂት ቢያብረቀርቅባችሁ አትገረሙ፤ በዘይት እየወለወልኩ ስለያዝኩት ነው። አስቸግሮ እንቢ ካለም እርስዎ በያዙበት በኩል ትንሽ ነቅነቅ ያድርጉት።

እዚህ የጦርነት ወሬ በዝቷል። መንገድ ሊዘጋ ይችላል። የምነግርዎ ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ለዛሬ ልቤ አልደፈረም።

ታናሽ ወንድምዎ በላይ

—

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 5 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሐምድ ለአላህ ይገባው፤ ዛሬ የምጽፍልህ በደስታ ነው። መሪጌታም እያንጎራጎሩ ነው የሚጽፉት።

ቁልፉ ሐሙስ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው መጣ። አብዱልወሃብ ጣሊያን እንዳያገኘው ብሎ በተምር ከረጢት ውስጥ ቀብሮ ልኮታል፤ ይህን ግን ለማንም አልጻፈም። ተምሩን መጀመሪያ የጎረሰው ኢብሮ ነው። ነክሶት ጉንጩን ይዞ ቀረ። የቁልፉ ጥርስ ሁለት ነው ብሎ የማለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የራሱን ጥርስ ሲቆጥር ሰነበተ።

ሐሙስ ለት ቆላው ሁሉ ወጣ። ከማጀቴ ከተማ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። ሹሙ አዲሱን ጓጉንቸር በሳጥን አሲዞ፣ የሚሞላውን ወረቀት ይዞ ቆመ። እናትህ ነጭ ለብሰው መጡ። እኔ ጓጉንቸሩን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እናትህ ቢስሚላህ እስክል ጠበቁኝ፤ እኔ እስኪያማትቡ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ቁልፉን አስገብተው አዞሩት። ወዲያው ተከፈተ። እልልታው ሮቢ ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ሹሙ እኔም ልሞክረው ብሎ እጁን ዘረጋ። እናትህ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃቸዋል?

ወረቀቱን ዘርግቶ ቤቱ የማን እንደሆነ ጠየቀን። ያልኩትን ቃል በቃል ልንገርህ፤ መሪጌታ አሳምረው ካልጻፉት እቀየማቸዋለሁ። “ጓጉንቸሩን የያዝኩ እኔ እስላም ነኝ፤ ቁልፉን ያዞሩ እርሳቸው ክርስቲያን ናቸው። ባይናችሁ አይታችኋል። ያያችሁትን ጻፉ” አልኩት።

አስተርጓሚው ቢፈልግ ቢፈልግ ወረቀቱ ላይ ሃይማኖት የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ሆነ። ሹሙም የበላዮቼን ደሴ ልጠይቅ ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ሄደ። ቆርቆሮውም አብሮት ሄደ። ኢብሮ ትንሽ አኩርፏል፤ ግን ለጣሪያው አዲስ ሣር ሲያጭድ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር።

እናትህ ገብተው ብዙ ቆዩ። ጨርቁን ግን አላለበሱም። ስለታቸው ስትመለስ ነው።

እህትህ ሐምዲያ

—

ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለእትዬ ሐምዲያ፣

የትንሣኤው በረከት ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን ሳነብ በመጀመሪያ ጮቤ ረገጥኩ፤ ቀጥሎ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። ከዚህ በላይ መሸከም ስላልቻልኩ እውነቱን ልንገርዎ።

የላክሁልዎ ቁልፍ የእኛ ቁልፍ አይደለም። የእኛው ጠፍቷል። ወደዚህ ስመጣ ወደብ ላይ በሽታ እንዳናስገባ ብለው ልብሳችንን ሰብስበው በእንፋሎት ቀቀሉት። ሲመልሱልኝ ክሩም ቁልፉም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ሰባት ትውልድ የያዘውን እኔ በሰባት ወር ጣልኩት ብዬ እንጀራ መብላት አቃተኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ስለ መሰላል የጻፍኩት ለዚህ ነው። የላክሁትን አንድ አርመናዊ ቁልፍ ሠሪ እናቴ ከሣለችው አስመስሎ ሠራልኝ። እርሱም ጓጉንቸሩን ሳላየው አልምልልህም ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ እንዴት ከፈተ? እዚህ ያሉ አባቶችን ብጠይቅ ተአምረ አባ ሙሴ ነው አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በውሸት ቁልፍ የተሠራ ተአምር እንዴት ብዬ ልቀበል? ይህን ለእናቴ ይንገሯት ወይም አይንገሯት፤ ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ወደ አገሬ መንገድ ቢከፈት እንኳ በዚያ በር ፊት ለመቆም አፍራለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ በላይ

—

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 12 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበላይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጣሊያንን ያስወጣ፣ እኛን ያቆየ ጌታ ይመስገን። ደብዳቤህ ጂዳ ከአብዱልወሃብ ዘንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ደረሰኝ። ጦርነቱ ባሕሩን ዘግቶበት ነበር። በወረቀቱ ዳር ላይ በራሱ እጅ፣ እያነበበ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ ጽፎበታል።

መሪጌታ አንብበው ሲጨርሱ እናትህን አስጠራሁና እንደገና አስነበብኩ። ከዚያ እኔ የአባቴን አደራ አወጣሁ፤ ምክንያቱም አንተ እንዲህ አፍረህ እኔ ንጹሕ መስዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

በላይ፣ ያ ጓጉንቸር አይቆልፍም። እኔ ሳልወለድ የሞተ ነው። ሲጫኑት ይገጥማል፣ ሲስቡት ይከፈታል። አባቴ በር ጠባቂነቱን ሲያወርሰኝ ለብቻዬ ወስዶ አሳየኝና የቁልፉ ቤት ሰዎች እንዳይሰሙ አለኝ፤ ቁልፋችን ከንቱ ነው ብለው እንዳይቀሩብን። እኔም በየሳምንቱ ገብቼ እጠርግ ነበር። ወፏን ያየኋት በስንጥቅ አይደለም። ሹሙ ያን ጓጉንቸር አንዴ ሳብ ቢያደርገው ኖሮ እናንተ በዚያ ቤት ድርሻ አላችሁ የምንልበት ነገር ሁሉ አብሮ ይወድቅ ነበር። ሁለት ዓመት በሩ ሥር የፈተልኩት ለዚህ ነው።

በዚያ ጥር ሐሙስ ያንተ ቁልፍ ከግማሹ በላይ አልገባም። እናትህ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እርሳቸው እጃቸውን ብቻ አዞሩ፤ እኔ ሳብኩ።

ይህን ስናገር እናትህ ይደነግጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። “እኔም ከአማቴ ሰምቼዋለሁ” አሉ። “በር ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙ፣ ሥራችን ከንቱ ነው ብለው እንዳይሄዱብን ተብዬ ነበር። ደግሞ ለልጄ ንገሪው፤ ባሕር ማዶ የጣለው ቁልፍ እኔ ሙሽራ ሳለሁ ዋናውን ሮቢ ወንዝ ልብስ ሳጥብ ጥዬው፣ ቀጥቃጭ ያስመሰለልኝ ነው። ሥዕሉንስ ከየት አውቄ የሣልኩ መሰለው?”

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እርሳቸውም ያውቁ ኖሯል። በልጅነታቸው ከፍየል ሲሸሹ ገብተው ተደብቀውበታል።

እንግዲህ የምታፍርበት የለም። ጨርቁ አልቋል። የኔም ፈትል ገብቶበታል፤ ለሁለት ሲሆን ሰፋ ብሏል። እናትህ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ወደ ጥር አታድርሰው። ቁልፉ እዚህ አለ፣ ጓጉንቸሩም እንደ ወትሮው ቦታው ነው። የሚያዞር እጅ ብቻ ነው የጎደለን። ና።

እህትህ ሐምዲያ